በመካከለኛው ዘመን ፈላስፋን ያስቃጠለው ሐሳቡ ነው ወይስ አድማጩ?

ብራና ፋቂ (ክሩን የከፈተ)፦

እዚህ መድረክ ላይ በየጊዜው አንድ ሰው ብቅ ይልና «በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ያሰበ ሁሉ ይቃጠል ነበር» ይላል። ላይኩ ይዥጎደጎድለታል። ታሪኩን ገለጥ አድርጎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አደገኛ የተባለ ሐሳብ ካፈለቁት የዩኒቨርሲቲ መምህራን አብዛኞቹ አልተቃጠሉም። ከውግዘት በኋላ ሹመት ያገኙም አሉ። እሳቱ የበላው ሌላ ሰው ነው። እኔ የምለው፣ አደጋውን የሚወስነው ምን አሰብክ የሚለው ብቻ አልነበረም። በየትኛው ቋንቋ፣ ለማን፣ ማንን ተገን አድርገህ ተናገርከው የሚለው ይበልጥ ነበር። ልጻፈውና ተከራከሩኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፓሪስ ልነሣ። ማርች 7 ቀን 1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ 219 አንቀጽ ያለበት ዝርዝር አወጣ። በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ውስጥ ይባላሉ የተባሉ ሐሳቦች ናቸው። ፋኩልቲው የአርስቶትል ቤት ነበር፣ ዛሬ የፍልስፍና ክፍል የምንለው ዓይነት። «ዓለም መነሻ የላትም» አለበት። «የሰው ልጆች ሁሉ አእምሮ አንድ ነው» አለበት። «የመጀመሪያው ምክንያት (እግዚአብሔር ማለት ነው) ብዙ ዓለማት ሊፈጥር አይችልም» አለበት። ከነዚህ መሃል ደግሞ የፋኩልቲ ጠብ የሚሸቱ አሉ፦ «የዓለም ጠቢባን ፈላስፎች ብቻ ናቸው»፣ «የነገረ መለኮት ሊቃውንት ንግግር በተረት ላይ የቆመ ነው»። ይቺኛዋ ክፍል ውስጥ የተባለች ናት ወይስ መጠጥ ቤት?

ከሁሉም የሚገርመኝ ቅጣቱ ነው። ያስተማረው ብቻ አይደለም የሚወገዘው፤ የሰማውም ነው። የሰማ ሰው ለመዳን በ7 ቀን ውስጥ ጳጳሱ ወይም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ዘንድ ሄዶ መናገር አለበት። እስቲ አስቡት። ተማሪ ነህ፣ ቁጭ ብለህ ታዳምጣለህ። መምህሩ አርስቶትልን ያብራራል። ከክፍል ስትወጣ ቀኑ ይቆጠርብሃል። አጠገብህ የተቀመጠውም ልጅ ላይ ይቆጠርበታል። አንተ ባትሄድ እሱ ሊሄድ ይችላል። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ የማንም መምህር ስም አልተጻፈም። ስለዚህ ሁሉም «እኔን ይሆን?» ብሎ ያድራል።

ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ዋናው ተጠርጣሪ የፋኩልቲው መምህር ሲጀር ዘብራባንት ነበር። ገና በኖቬምበር 1276 የፈረንሳይ የኑፋቄ መርማሪ ጠርቶታል። መጨረሻው ጣሊያን ሆነ። ኦርቪዬቶ ከተማ ውስጥ የገዛ ጸሐፊው በጩቤ ወግቶ ገደለው፤ ጸሐፊው አእምሮው የተነካ ነበር ይባላል። ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ በኋላ በግጥሙ ገነት ውስጥ ከታላቁ የነገረ መለኮት ሊቅ ከቶማስ አኩዊናስ ጋር አስቀምጦታል።

ከ70 ዓመት በኋላ የመጣው ኒኮላስ ዘኦትረኩር ደግሞ ይበልጥ ደፋር ነው። ከአንድ ነገር መኖር ተነሥተህ የሌላ ነገር መኖርን በእርግጠኝነት ልታውቅ አትችልም ይላል። ምክንያትና ውጤት የሚባለውን ነገር መሠረቱን ነቀነቀው። 1346 ላይ የፖፑ መቀመጫ በነበረችው አቪኞን ተፈረደበት። ኖቬምበር 25 ቀን 1347 ፓሪስ ውስጥ በሰው ፊት ጽሑፎቹን አቃጠለ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ቃሉን አጠፈ። ከዚያስ? የሜስ ካቴድራል አለቃ ሆነ።

አሁን ማርጌሪት ፖሬትን ተመልከቱ። ከሄኖ አካባቢ የመጣች ሴት ናት። ዲግሪ የላትም፣ ፋኩልቲ የላትም። ነፍስ በፍቅር ስለ መጥፋቷ በፈረንሳይኛ፣ ማለትም በገበያው ቋንቋ፣ መጽሐፍ ጻፈች። የካምብሬ ጳጳስ ቫለንሲየን ላይ መጽሐፉን አስቃጥሎ ሁለተኛ እንዳታሰራጪ አላት። አሰራጨች። 1308 ተያዘች። ዓመት ተኩል ያህል ታስራ ለመርማሪው አልምልም፣ አልመልስም አለች። 21 የነገረ መለኮት ሊቃውንት ከመጽሐፉ የተቀነጨቡ አንቀጾች ቀርበውላቸው ኑፋቄ ነው አሉ። ጁን 1 ቀን 1310 ፓሪስ ግሬቭ አደባባይ ላይ አቃጠሏት።

ኒኮላስ የነቀነቀው የዘመኑን የዕውቀት መሠረት ነው። እሷ የጻፈችው ስለ ፍቅር ነው። የትኛው ነው የሚያስፈራው?

ሳሪስ 58፦

ቶሎ ይቅርታ ጠይቆ ወረቀቱን ያቃጠለ አለቃ ሆነ፣ ዝም ያለችው ተቃጠለች። ገባኝ። የኛን መሥሪያ ቤት ግምገማ እኮ ነው የጻፍከው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ ብራና ፋቂ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ግን ሕጉን ዘለልከው። ኒኮላስ ተከሰሰ፣ ቃሉን አጠፈ፣ ነገሩ አለቀ። ማርጌሪት ግን አንድ ጊዜ ተከልክላ የተመለሰች ናት። በዚያ ዘመን ሕግ ተመልሶ የወደቀ ሰው ለዓለማዊው ባለ ሥልጣን ተላልፎ ይሰጣል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚጠብቀው እሳት ነው። ቋንቋዋ ፈረንሳይኛ ሆነ ላቲን፣ ያንን አይለውጠውም።

ሌላም ላንሣ። 1210 እዚያው ፓሪስ ውስጥ የአማልሪክ የሚባል የፓሪስ መምህር ተከታዮች የተባሉ አስር ያህል ሰዎች ተቃጥለዋል። ካህናትና የተማሩ ሰዎች ናቸው። አማልሪክ ራሱ ቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር አጥንቱን ከመቃብር አውጥተው ጣሉት። ሴቶቹንና ተራውን ሕዝብ ግን «ተታለው ነው» ብለው ማሯቸው። አንተ እንደምትለው ከሆነ ተማሪው ተርፎ ተራው መቃጠል ነበረበት። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው።

ብራና ፋቂ፦

ጋሼ፣ የ1210ሩ ከባድ ምሳሌ ነው፣ እቀበላለሁ። ሆኖም የነዚያ ካህናት ጥፋት ትምህርቱን ለምእመናን ይዘው መውጣታቸው ነው። በክርክር አዳራሽ ቢቀር ኖሮ ነገሩ እንደ መምህራቸው ባለቀ ነበር። አማልሪክ በሕይወት እያለ ቃልህን እጠፍ ተባለ እንጂ አልተቃጠለም። ሴቶቹ ምሕረት ያገኙትም ሰሚ ስለሆኑ ነው። ማርጌሪት ሰሚ አይደለችም፣ ደራሲ ናት።

ሕጉን በተመለከተ የተናገሩት ልክ ነው። ግን ኒኮላስ ለምን «ተመልሶ የወደቀ» አልሆነም? 1340 ነው የተጠራው፣ የተፈረደበት 1346። ስድስት ዓመት! በላቲን የሚከራከርበት ጉባኤ ነበረው። የትኛውን አንቀጽ «ለክርክር ብዬ ነው ያልኩት» ማለት እንደሚቻል ያውቃል። እሷ ይህ ሁሉ የላትም።

መሃል ላይ ያለ ሰው ደግሞ አለ፤ ማይስተር ኤክሃርት። ፓሪስ ሁለት ጊዜ በመምህርነት ወንበር የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው። 1311 ለሁለተኛው ዙር ሲመጣ ያረፈበት የዶሚኒካውያን ቤት ማርጌሪትን ያስፈረደባት መርማሪ ጊዮም የሚኖርበት ቤት ነው። ማዕድ ላይ ምን ተባብለው ይሆን? በላቲን ሲጽፍ ማንም አልነካውም። በጀርመንኛ ለሕዝብ ሲሰብክ ቆይቶ 1326 ኮሎኝ ላይ ተከሰሰ። መልሱ ድንቅ ነው፦ ልሳሳት እችላለሁ፣ መናፍቅ መሆን ግን አልችልም፤ ስሕተት የአእምሮ ነው፣ ኑፋቄ ግን የፈቃድ ነው አለ። ፍርዱን ሳያይ ሞተ። 1329 ፖፕ ዮሐንስ 22ኛ 28 አንቀጾቹን ያወገዘበት ደብዳቤ ስለ ምን ይከሰዋል? ከሁሉ በላይ በተራው ሕዝብ ፊት በስብከቱ ማስተማሩን። ፖፑ ራሱ ነው የጻፈው፣ እኔ አይደለሁም።

ጠጅ ሳር፦

ጨዋታ ላምጣ። 1210 ላይ በአማልሪክ ተከታዮች ላይ የፈረደው ያው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የአርስቶትልን የተፈጥሮ ፍልስፍና መጻሕፍት ፓሪስ ውስጥ ማስተማር ከልክሎ ነበር አይደል? 1229 ቱሉዝ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ተማሪ ለመሳብ በላኩት ደብዳቤ ላይ «ፓሪስ የተከለከሉትን የተፈጥሮ መጻሕፍት እኛ ጋ መማር ትችላላችሁ» ብለው ጻፉ። ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው።

ደግሞ 1277 ላይ ታምፒዬን «ምን እየተባለ እንደሆነ አጣራልኝ» ያለው ፖፕ ዮሐንስ 21ኛ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ያሠራው ክፍል ጣሪያ ተደርምሶበት ሞተ። ምንም አላልኩም።

ከኮምቦልቻ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዋናውን ሰው ረስታችሁታል። የ12ኛው መቶ ዘመን ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ! የፓሪስ መምህራን ስሙን እንኳ ሳይጠሩ «ተንታኙ» የሚሉት እሱን ነው። «የሰው ሁሉ አእምሮ አንድ ነው» የሚለው አንቀጽ የመጣው እሱ አርስቶትልን ካብራራበት ነው።

በሙስሊሞቹ ስፔን የኮርዶባ ቃዲ፣ ማለትም ዳኛ ነበር። የኸሊፋው ሐኪም ነበር። ብራና ፋቂ የምትለውን ነገር ደግሞ ከሁላችሁም በፊት ያወቀው እሱ ነው። ፋስል አል-መቃል በሚባለው መጽሐፉ ላይ ጥልቁን ፍቺ ለተራው ሰው አትዘርግፉ ይላል። የቡርሃን (የማስረጃ) ሰዎች ብቻ በሚያነቧቸው መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ፈላስፎችን የተቸውን የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊን አንዱ የሚወቅስበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ነገሩን ሁሉ አደባባይ አወጣው ብሎ።

ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ምን አገኘው? 1195 ላይ ኸሊፋው አል-መንሱር ወደ ሉሴና አጋዘው። የፍልስፍና መጻሕፍት ይቃጠሉ ተባለ። የሕክምና፣ የሂሳብ፣ እና የሶላት ሰዓትና ቂብላ ለማወቅ የሚረዳው የከዋክብት ዕውቀት ብቻ ቀረ። ከመከራው ሁሉ የባሰበኝ ብሎ ያወራው ግን ግዞቱን አይደለም። ከልጁ ከአብደላህ ጋር ኮርዶባ አንድ መስጊድ ለዐስር ሶላት ገቡ። ተራ ሰዎች ተነሥተው አስወጧቸው። ያ ሁሉ ዓመት ቃዲ ሆኖ የፈረደበት ከተማ ነው!

ለተራው ሰው አትንገሩ ያለውን ሰው ተራው ሰው አባረረው። ስለዚህ ብራና ፋቂ፣ አድማጭ መምረጥም ቢሆን አያድንም። ኸሊፋው ከክርስቲያኖቹ የካስቲል መንግሥት ጋር ጦርነት ላይ ነበር፣ የፉቀሃውን፣ ማለትም የሸሪዓ ሊቃውንቱን ድጋፍ ይፈልግ ነበር። ፈላስፋው የዋጋ ማሟያ ሆነ። ጉዳዩ ሲያልፍ መልሶ አቀረበውና 1198 ማራኬሽ ውስጥ ሞተ።

ብራና ፋቂ፦

ይሄ ከኔ የተሻለ ነው። «ማንን ተገን አድርገህ» ያልኩት እዚህ ጋ ይገባል መሰለኝ። የኢብን ሩሽድ ተገን አንድ ሰው ነበር፣ ኸሊፋው። ያ ሰው ፊቱን ሲያዞር ሁለተኛ በር አልነበረውም። የአውሮፓ መምህር ግን ጳጳስ ቢጣላው ወደ ፖፑ ይላል፣ ፖፑ ቢጣላው ንጉሥ ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኦክሃም 1328 በሌሊት ከአቪኞን አምልጦ በመጨረሻ ሙኒክ የፖፑ ባላንጣ የነበረው ንጉሥ ሉድቪግ ዘባቫርያ ዘንድ ነው የተጠጋው፤ እዚያ ሆኖ ፖፑን በጽሑፍ ሲወቅጠው ኖረ።

ከሐይፋ፦

ከኮምቦልቻ ያልከው ላይ አንድ ልጨምር። አይሁዳዊው ፈላስፋ ራምባምም (ማይሞኒደስ) የዚያችው የኮርዶባ ልጅ ነው፣ ከኢብን ሩሽድ በ12 ዓመት ያንሳል። እሱ ደግሞ መጽሐፉ መግቢያ ላይ በግልጽ ያስጠነቅቃል። እዚህ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ነገሮች አሉ፣ አንዳንዱን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት፣ ተራው አንባቢ ግጭቱን እንዳያየው ይላል። አንባቢውን ደግሞ ከዚህ መጽሐፍ አንዲት ቃል ለሌላ ሰው እንዳታብራራ ብሎ ያስምለዋል። ሊቃውንቱ 800 ዓመት ሙሉ «የትኛው ነው የምሩን የተናገረው?» እያሉ ይጣላሉ።

ደብተራ ከዲሲ፦

ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ! ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጡ ሌላ።

ከሐይፋ፦

አይመስለኝም። ቅኔ ተቀኝቶ ወርቁ እንዳይገኝበት የሚጸልይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ባለ ቅኔ ወርቁ ሲገኝለት ደስ ይለዋል። ራምባም አብዛኛው ሰው ባያገኘው ነው የሚመርጠው።

ከዓዲግራት፦

የኛን ሳትጠቅሱ ልታልፉ ነው? 15ኛው መቶ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ። ለሥላሴ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለመስቀልና ለሥዕለ ማርያም ስገዱ ሲላቸውም እምቢ አሉ። ተገረፉ፣ ተጋዙ፣ ብዙዎቹ ሞቱ። ታሪካቸውን በግዕዝ ገድል አድርገው ጻፉት። የጉንዳ ጉንዶ ገዳማቸውም ብራናው ተርፎለታል።

የብራና ፋቂ ነጥብ እዚህ ላይ አይሠራም። የጻፉት በግዕዝ ነው፣ የሚያነባቸው መነኩሴ ነው። ሕዝብ ቀስቅሰው አይደለም የተገደሉት። ንጉሡ ፊት ቆመው «አንሰግድም» ስላሉ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ጥሩ ተናገርክ። እነሱ ፈላስፎች ነን አላሉም፣ የመነኮሳት ሥርዓት ጥያቄ ነው ያነሡት። ግን ማርጌሪትን ያስታውሱኛል። እሷም የተቀጣችው በጻፈችው ብቻ አይደለም፤ ማይልኝ ስትባል አልምልም በማለቷም ነው። ሐሳብን ሥልጣን አንዳንዴ ይታገሠዋል። እምቢታን ግን አይታገሥም።

ቀበና ልጅ፦

ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብስ? ሐተታውን የጻፈው ራሱ ነው ወይስ ያ ጣሊያናዊ…

የመድረኩ አስተባባሪ፦

ለሱ የተከፈተ ክር አለ፣ ገጹ ብዙ ሆኗል። 17ኛው መቶ ዘመን ነው፣ የደራሲውም ጭቅጭቅ እዚያው ይቀጥል። እባካችሁ ይሄኛውን አታበላሹት።

ፊዚክስ አስተማሪ፦

እኔ የሚገርመኝ የ1277ቱ ዝርዝር 49ኛ አንቀጽ ነው። «እግዚአብሔር ሰማይን በቀጥታ መስመር ሊያንቀሳቅስ አይችልም፣ ምክንያቱም ባዶ ቦታ ይቀራል» የሚል ነው። አርስቶትል ባዶ ቦታ የለም ስላለ። ታምፒዬ ይህን አወገዘ። ማለትም «ይችላል» ማለት ግዴታ ሆነ። እንግዲህ መምህራኑ ባዶ ቦታ ቢኖርስ፣ ሌላ ዓለም ቢኖርስ ብለው ማሰብ ጀመሩ። ፒየር ዱኤም የሚባለው ፈረንሳዊ ፊዚሲስት ዘመናዊ ሳይንስ የተወለደው በዚህ ውግዘት ነው እስከ ማለት ደርሷል። ሳንሱሩ ሳያውቀው በር ከፈተ ማለት ነው?

ብራና ፋቂ፦

ዱኤም አጋኗታል። የ14ኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ሊቅ ቡሪዳን የፓሪሱን አንቀጽ መጥቀሱ እውነት ነው፣ ሌላው የፓሪስ ሊቅ ኦሬምም ስለ ብዙ ዓለማት አስቧል። ግን ያንን ከውግዘቱ 70 እና 100 ዓመት በኋላ ነው ያሰቡት። ወዲያው የነበረውን ስሜት ማወቅ ከፈለግክ ጎድፍሬ ዘፎንቴን የሚባለውን የፓሪስ ሊቅ ስማው። 1290ዎቹ ላይ አንቀጾቹ የተማሪውን ዕውቀት እያደናቀፉ ነው፣ ጳጳሱ ማረም ነበረበት ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ምንም አልሆነም። የነገረ መለኮት ሊቅ ነዋ!

እና ማርጌሪት መጽሐፏን ካስነበበቻቸው ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ ማን ይመስልሃል? ይኸው ጎድፍሬ። ወዶላታል። ብዙ ሰው እንዳያየው ብቻ መከረ።

እንጦጦ ላይ፦

ስለ ማርጌሪት መጽሐፍ ያልተነገረ ነገር አለ። እሷ ተቃጠለች፣ መጽሐፉ ግን ከእሳቱ ተርፏል። ስሟ ተፍቆ በላቲን፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ተገልብጦ በየገዳሙ ሲነበብ ኖረ። የጥሩ መነኩሴ ሥራ ነው እየተባለ። 1927 የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲታተም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኅትመት ፈቃድ ተሰጥቶታል! ደራሲዋ እሷ መሆኗን ያወቀችው ሮማና ጓርኒየሪ የምትባል ጣሊያናዊት ተመራማሪ ናት፣ 1946። ስለዚህ ብራና ፋቂ፣ ያው ጽሑፍ ስም ሲኖረው ኑፋቄ፣ ስም ሲያጣ መንፈሳዊ ንባብ ከሆነ፣ ያንተን ዝርዝር «ማን ተናገረው» የሚለው ሊመራው ይገባል። ቋንቋው ሁለተኛ ነው።

ብራና ፋቂ፦

ይህን አልከራከርበትም። በላቲን ሲገለበጥ ደግሞ አንባቢው መነኩሴ ሆነ። ቋንቋውን ሙሉ በሙሉ አትጣይብኝ።

ሳሪስ 58፦

አንድ ጥያቄ ይዤ ልውጣ። የ1277ቱ ዝርዝር ተሽሮ ያውቃል?

ጡረተኛው መምህር፦

በከፊል። ዝርዝሩ ሲወጣ አንዳንዱ አንቀጽ ቶማስ አኩዊናስንም ይነካ ነበር፤ እሱ ከሞተ ልክ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀኑም ያው ማርች 7። 1323 ቶማስ ቅዱስ ተባለ። የቅዱስ ሰው ትምህርት ተወግዞ ሊቀር አይችልምና 1325 የጊዜው የፓሪስ ጳጳስ ቶማስን የሚነካውን ያህል ውግዘቱን አነሣ። ሌላው ባለበት ቀረ።

ሳሪስ 58፦

ቶማስን የሚነኩት የትኞቹ ናቸው ታዲያ?

ጡረተኛው መምህር፦

ጳጳሱ አልዘረዘረም። ይነካሉ የሚባሉትን ነው ያለው።